ከላዳ ቀጥሎ የባጃጅ ተራ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2012፣ በእኛ ሚያዝያ 9 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ኢዥዬቭስክ በምትባል የሩሲያ ከተማ የመጨረሻዋ ባለ ማዕዘን ላዳ 2107 ሴዳን ከመገጣጠሚያው መስመር ወረደች። ዜናው እዚህ አገር ብዙም አላነጋገረም። ያኔ የአዲስ አበባ ላዳዎች በየአደባባዩ ተሰልፈው ኮንትራት ይጠብቁ ስለነበር ምርቷ ማብቃቱን የሚናገር ምልክት መንገድ ላይ አልነበረም። ስሙ ራሱ ዛሬም አልሞተም፤ አቭቶቫዝ የተባለው የሩሲያ ኩባንያ ግራንታ፣ ቬስታ እያለ አዳዲስ መኪኖችን በላዳ ስም ይሸጣል። ኢትዮጵያዊ ግን ላዳ ሲል ሰማያዊና ነጭ የተቀባችውን፣ በሯ ሲዘጋ ጎረቤት የምትቀሰቅሰውን ታክሲ ማለቱ ነው። ይህችኛዋ ባለፉት ዓመታት ከታክሲ ተራ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ገበያ እየተሸኘች ነው። ለምን ሲባል የሚሰጠው መልስ ሁለት ነው፤ አርጅታለች፣ እንደ ራይድ ያሉ በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎችም ገበያዋን ወስደዋል። ሁለቱም እውነት ነው። ሆኖም ሁለቱም ከዚያ የሚቀድመውን ጥያቄ ይዘልሉታል። ሠላሳና ከዚያ በላይ ዓመት የሆናት መኪና እስከዚያ ድረስ በምን ቆየች? ለዚህ ጥያቄ የእኔ መልስ፣ ላዳን ያኖራት ባለቤቷ በሚኖርበት ሰፈር፣ ባለቤቷ በሚያውቀው ሰው፣ ባለቤቷ በሚችለው ዋጋ መጠገን መቻሏ ነው የሚል ነው። ከመንገድ ያስወጧት ውሳኔዎች ዕድሜዋን፣ ጭሷንና ቀረጧን ሲቆጥሩ ይህን አንድ ነገር ሳይቆጥሩት አለፉ። ነገሩ የአዲስ አበባ ወግ ሆኖ ቢቀር ሀዋሳ ላይ ተቀምጦ መጻፉ ብዙም ባላስፈለገ። ግን ያው ያልተቆጠረው ነገር አሁን ወደ ሀዋሳው ባጃጅ እየመጣ ነው።

ላዳ ስትፈጠር ጀምሮ ለእንዲህ ያለ ኑሮ የተዘጋጀች ነበረች። ሶቪየት ኅብረት ለሕዝቧ የምትሆን መኪና ስትፈልግ እ.ኤ.አ. በ1966 ከጣሊያኑ ፊያት ጋር ተዋዋለች፤ ፋብሪካውም በቮልጋ ወንዝ ዳር፣ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመችው ቶልያቲ ከተማ ተተከለ። መነሻው ፊያት 124 ነበር። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ የተሸለመ፣ ለአስፋልትና ለቤተሰብ ሽርሽር የታሰበ ቀላል ነገር ነው። የሶቪየት መሐንዲሶች ይህንን ተረክበው በሩሲያ ጭቃና በረዶ ሲሞክሩት ተሰባበረባቸው። ከዚያ የሆነው ነገር ከመኪናዋ ታሪክ ሁሉ ዋናው ነው። ከ800 በላይ ማሻሻያ አደረጉ። ላሜራውን አወፈሩት፣ ሰውነቷን ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በጭቃ በማይበላሸው ከበሮ ፍሬን ለወጡት፣ ሞተሩን በሌላ ተኩት፣ ባትሪ ሲሞት በእጅ እየዞረ የሚያስነሳት ብረትም ጨመሩላት። ገዢው ከመኪናዋ ጋር የመፍቻ ዕቃ ይረከብ ነበር፤ ፋብሪካው ከመጀመሪያው መኪናዋ እንደምትበላሽ፣ ባለቤቷም ራሱ እንደሚፈታት አምኖ ነው የሠራት። በዚህ ዘመን አምራች ዘንድ እንዲህ ያለ ቅንነት አይገኝም። ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ከመጀመሪያዋ 2101 እስከ መጨረሻዋ 2107 ባሉት ተመሳሳይ ሞዴሎች ከ17 ሚሊዮን በላይ መኪና ወጥቷል። በእነዚያ አራት አሥርተ ዓመታት ቅርጿም ሆነ አሠራሯ ብዙም አልተቀየረም። አውሮፓውያን በዚህ ይቀልዱባት ነበር። ለጥገና ግን ከዚህ የተሻለ በረከት የለም፤ የ1970ዎቹን ላዳ የሚያውቅ መካኒክ የ1990ዎቹንም ያውቃልና።

ኢትዮጵያ ስትደርስ ደግሞ የተዘጋጀ ቤት ጠበቃት። ደርግ ከሶማሊያ ጦርነት ወዲህ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ሞስኮ ሲያዞር ከታንኩና ከኡራል ካሚዮኑ፣ ከቤላሩስ ትራክተሩ ጋር ላዳም መጣች። የተሰጠችው ሥራ ቀድሞ ሴይቼንቶ፣ ማለትም ትንሿ ፊያት 600፣ ይሠራው የነበረውን ነው። እዚህ ላይ በአጋጣሚ የሆነ፣ ማንም ያላቀደው ነገር ተፈጠረ። የኢትዮጵያ መካኒክ የሙያ አባቱ ጣሊያን ነው። ካንዴላ፣ ካርቡራቶር፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ እያለ ሙያውን የተማረው ፊያት ሲፈታና ሲገጥም ነው። የሶሻሊስት መንግሥት የሶሻሊስት መኪና አመጣሁ ሲል ለመካኒኩ ያመጣለት ከጣሊያን ዞራ በሩሲያ በኩል የተመለሰች የቀድሞ ደንበኛውን ነበር። ሌሎቹ የዘመኑ የሶቪየት ዕቃዎች መንግሥታዊ ጋራዥና የተላከ ባለሙያ ሲፈልጉ ላዳ በአንድ ጊዜ የሰፈር ሆነች። መለዋወጫዋ መርካቶ ሱማሌ ተራ ይገኛል፤ የጠፋው ዕቃ ቶርኖ ቤት ይቀረጻል፤ የተጎዳው ላሜራ ተቀጥቅጦ ይስተካከላል፤ ሞተሩ ሲደክም ወርዶ፣ ታድሶ፣ ተመልሶ ይሰቀላል። አንዲት ላዳ በዕድሜዋ ስንት ጊዜ ሞተር እንደወረደላት የሚያውቀው መካኒኳ ብቻ ነው። ዓመታዊ ምርመራው ሲደርስ ደግሞ ታጥባና ተቀብታ ትቀርባለች፣ ቦሎዋን ትለጥፋለች፣ ለአንድ ዓመት ትመለሳለች።

የዚህን ኢኮኖሚያዊ ትርጉም ማየት ያስፈልጋል፤ ፍቅር የሚባለው ነገር የተመሠረተው እዚህ ላይ ነውና። ላዳ ታክሲ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ባለቤትም ሾፌርም ራሱ ነው፤ ካልሆነም ለባለቤቱ የቀን ገቢ የሚያስገባ ሾፌር ነው። ለሁለቱም መኪናዋ ቆማ የምትውልበት ቀን እንጀራ የሚጎድልበት ቀን ነው። ስለዚህ የመኪናዋ እውነተኛ ዋጋ ሲገዙ የከፈሉት ብር ብቻ አይደለም። ከተበላሸች በኋላ ተመልሳ መንገድ ላይ እስክትወጣ የሚፈጀው ጊዜ አለበት። ላዳ በዚህ ሚዛን ከእሷ ብዙ እጥፍ የሚያወጡ መኪኖችን ትበልጥ ነበር። ጠዋት የተቃጠለ ጋርኒሲዮን ከሰዓት በኋላ ይለወጣል። ለዚህ ነው ባለቤቶቿ ዳሽቦርዷን ምንጣፍ እያለበሱ፣ አበባና ሥዕለ አድኅኖ እየሰቀሉ፣ ወንበሯን በከፋይ እየሸፈኑ ሲያንቆጠቁጧት የነበረው። ሰው ነገ ጥላው እንደማትሄድ የሚተማመንባትን መኪና ነው የሚያስጌጠው። የተሳፋሪውም ፍቅር ቢሆን ከዚህ አይርቅም። ሌሊት ምጥ ሲመጣ፣ ከለቅሶ ቤት ሽማግሌ ሲመለስ፣ ሙሽራ ዘመድ ሲጫን የምትጠራው ላዳ ነበረች፤ መንገዱ ፒስታም ይሁን ኮረኮንች ትገባለች፤ ሾፌሩም የሰፈር ሰው ነው።

ይህን ክርክር የሚያጠናክር ተቃራኒ ማስረጃ ከሀዋሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ አለ። ሞጆ ውስጥ ሆላንድ ካር የተባለ ድርጅት መኪና ይገጣጥም ነበር። ለመኪኖቹም አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ እያለ የወንዞቻችንን ስም ሰጣቸው። የአገር ኩራት ያለው፣ ሰው በደስታ የተቀበለው ጅማሮ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ከስሮ አበቃ፤ ዕድሜው አሥር ዓመት አልሞላም። ስሙ የእኛ ነበር፣ አካሉ ግን ከውጭ በሣጥን የመጣ ነው፤ አባይ የሚባለው መኪና የቻይናው ሊፋን 520 ነበር። ኩባንያው ሲወድቅ የመኪናው ዕጣ የተንጠለጠለው በባዕድ አምራች መለዋወጫ ላይ ሆነ። ላዳ ስሟም አካሏም የባዕድ ነው፤ ሻጩ መንግሥት ጭምር እ.ኤ.አ. በ1991 ፈርሷል። ሆኖም ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል እዚህ አገር ሠርታለች። ልዩነቱን ያመጣው በጋራዦቹ ውስጥ የተቀመጠው ዕውቀት ጥልቀት ነው። አንድ መኪና የአገር ውስጥ ምርት የሚሆነው በስሙ ነው ወይስ በመጠገን አቅሙ የሚለውን ለመመለስ ከሁለቱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ እንምጣ። ይህ ሁሉ ድህነትን ማሞገስ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ተቃውሞውም ባዶ አይደለም። ኢትዮጵያውያን ላዳን የያዙት ስለወደዷት ሳይሆን ሌላ መኪና መግዛት ስላልቻሉ ነው ይላል። የቀረጡን ታሪክ ላየ ሰው እውነትነት አለው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሞተሩ ከ1,300 ሲሲ የማይበልጥ መኪና 30 በመቶ፣ ከ1,300 እስከ 1,800 ሲሲ ያለው 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ የሆነው 100 በመቶ ይከፍል ነበር። በዚህ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ ይደራረባሉ። አዲስ መኪና ለደመወዝተኛ ሕልም፣ ለታክሲ ነጂ ደግሞ ከሕልምም ውጭ ሆነ። አሮጌው መኪና ከነዕድሜው ዋጋው እየጨመረ የሚሄድበት፣ የትኛውም የኢኮኖሚ መጽሐፍ የማይደግፈው ገበያ የተፈጠረው በዚህ ነው። ስለዚህ አዎ፣ ላዳን ያቆያት አንዱ ኃይል ግብር ነው። ነገር ግን የግብሩ ጫና የወደቀው በሁሉም የአሮጌ መኪና ባለቤት ላይ እኩል ነበር። በዚያው ዘመን የገቡ ሌሎች መኪኖች ባለቤቶችም አዲስ መግዛት አልቻሉም። መኪኖቻቸው ግን አንድ በአንድ በየጓሮው ቆመው ሣር በቀለባቸው። ችግር ሁሉንም ነካ፤ ችግሩን ተሻግሮ ሥራ ላይ የቆየው መጠገን የቻለው ነው። ኩባም እስከ ዛሬ በላዳ ታክሲ ትሠራለች፤ ማንም እንደ ኩባ ልሁን ብሎ አይመኝም፤ ሆኖም እገዳ ባለበት አገር የትኛው መኪና እንደሚተርፍ ማየት ስለ መኪናው አንድ ነገር ይነግራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የደኅንነትና የጭስ ነው። እዚህ ላይ ላዳን መከላከል አልፈልግም። የአየር ከረጢት የላትም፤ የኋላ ተሳፋሪዋ ቀበቶ አያስርም፤ ግጭት ሲመጣ የወፈረው ላሜራ ጉልበቱን ለተሳፋሪው ደረት ነው የሚያቀብለው። ካርቡራቶሯ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለች ከተማ ዳገት ሲወጣ ነዳጁን በደንብ ሳያቃጥል ይተፋዋል። አንድ ሰው ላዳ ከመንገድ መውጣት አለባት ቢል እስማማለሁ። አለመስማማቴ በምን ተተካች ከሚለው ላይ ይጀምራል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ቢጫዎቹ አቫንዛዎች፣ ቀጥሎም በስልክ የሚጠሩት የግል መኪኖች መጡ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አነስተኛ ሞተር ላላቸው አዳዲስ መኪኖች ግብሩን ወደ 5 በመቶ ሲያወርድ፣ በአሮጌዎቹ ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። የአዋጁ ሐሳብ ንጹሕ ነው፤ ያረጀ መኪና አገሪቱ ውስጥ አይራገፍ ነው የሚለው። ሲተገበር ግን ለታክሲ ነጂው የቀረለት መንገድ ባንክ ተበድሮ፣ ወይም የሌላ ሰው መኪና ይዞ በየቀኑ ገቢ እያስገባ መሥራት ሆነ። የራሱን መኪና በራሱ አቅም ገዝቶ፣ ጠግኖ፣ አድሶ የሚኖር ሰው ቁጥሩ ተመናመነ። ያ ሰው አጣ የምለው ሠሌዳ ያላትን አንዲት መኪና ብቻ አይደለም፤ ባለቤትነቱን በሙያው መጠበቅ የሚችልበትን ሁኔታ ነው። በየሰፈሩ ይሠሩ የነበሩት የላዳ መካኒኮችም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም፤ ለአሮጌ መኪና ካሣና ምትክ ሲታሰብ ለመካኒክ ምትክ ያሰበ መመሪያ አላየሁም።

ሀዋሳ የላዳ ከተማ ሆና አታውቅም። ላዳ በአዲስ አበባ በምትነግሥበት ዘመን ሀዋሳ ትንሽ ነበረች፤ በ1987ቱ ቆጠራ ነዋሪዋ 70 ሺህ ገደማ፣ በ1999ኙ ደግሞ 157 ሺህ ያህል ነው። ከፒያሳ አረብ ሰፈር፣ ከአረብ ሰፈር ሐይቁ ዳር በእግር፣ በብስክሌት ወይም በጋሪ ይኬድ ነበር። የከተማዋ መሬት ለጥ ያለ ነው፤ ታቦርና አላሙራ ተራሮች ጥግ ይዘው መሀሉን ለጎማ ለቀውታል። እንዲህ ላለ መልክዓ ምድር አነስተኛ ሞተር ይበቃል። ባጃጅ ሲመጣ ጋሪውን ቀስ በቀስ ከዋና መንገዶች አስወጣ፣ የከተማዋንም የዕለት እንቅስቃሴ ጠቅልሎ ያዘ። ዩኒቨርሲቲው ሲሰፋ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅና በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች ሲገቡ፣ ከተማዋም በ2012 ዓ.ም. የአዲሱ የሲዳማ ክልል መዲና ስትሆን ሁሉም የተጓዘው በዚሁ ባለ ሦስት እግር ነው። አቶቴ፣ ሞኖፖል፣ ሪፈራል፣ መናኸሪያ፣ የትም ሂዱ ቀድሞ የሚቆምላችሁ እሱ ነው። ስሙም ከአንድ ኩባንያ ስም አልፎ የዓይነቱ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ ቲቪኤስ የሚባል ሌላ ዓይነት የሚነዳውም ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲባል ባጃጅ ነው የሚለው፤ በአዲስ አበባ የኮንትራት ታክሲ ሁሉ ላዳ ይባል እንደነበረው ማለት ነው።

ሁለቱ ተሽከርካሪዎች የሚመሳሰሉት በስም ብቻ ቢሆን ነገሩ ተራ ነበር። ባጃጅም በትውልዱ ጣሊያናዊ ነው። ፒያጆ የተባለው ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተጎዳችው ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1948 አፔ የተባለች ባለ ሦስት እግር ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1945 የተመሠረተው የሕንዱ ባጃጅ ደግሞ የፒያጆን ፈቃድ ወስዶ፣ ለሕንድ መንገድና ለሕንድ ኪስ አስማምቶ ማምረት ጀመረ። የጣሊያን ንድፍ ደሃና ሰፊ በሆነ አገር እጅ ገብቶ፣ ጠንክሮና ቀልሎ፣ ከዚያ ወደ እኛ ሲመጣ ይህ ሁለተኛው ነው። ውጤቱም ያው ነው። ሁለት መቶ ሲሲ ገደማ የሆነች አንዲት ሲሊንደር ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባ ተቀምጣለች፤ በመፍቻና በአንድ ፒንሳ ትፈታለች። የፍሪሲዮን ገመድ ሲበጠስ ሾፌሩ ከመንገድ ዳር ቆሞ ይለውጠዋል። ከዚያ በላይ ያለውን ሥራ በየሰፈሩ የተከፈቱት ትንንሽ ጋራዦች ይጨርሱታል፤ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ በሁለት ዓመት ልምምድ ሞተር አውራጅ ይሆናል። የሀዋሳ ባጃጅ ኢኮኖሚ ሲባል ሾፌሩንና ባለቤቱን ብቻ የሚቆጥር ሰው ግማሹን ነው የሚያየው። ጋራዡ፣ ጎማ ለጣፊው፣ ሸራ ሰፊው፣ መለዋወጫ ሻጩ፣ ብረት በያጁ፣ ሁሉም ከዚያችው ሲሊንደር ነው የሚበሉት።

የባጃጅ ዕጣ በአንድ ቀን ውሳኔ ሊለወጥ እንደሚችል አዲስ አበባ አሳይታለች። በየካቲት 2015 መጨረሻ የከተማዋ አስተዳደር ባጃጆችን ለጊዜው ከሥራ አገደ፤ በኋላ በገደብ ፈቀደ። ከዚያ የሚበልጠው ግን የጥር 2016 ዓ.ም. ማስታወቂያ ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ፤ ኢትዮጵያም በዓለም ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ከዚያ ቀደም ብሎ ለኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ መሆን ተፈቅዶ፣ ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለሚገጣጠመው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ተወስኖ ነበር። ምክንያቱ ጠንካራ ነው። አገሪቱ ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች፤ የሕዳሴ ግድብ ግን ጳጉሜ 2017 ተመርቆ ኃይል እየሰጠ ነው። አቅጣጫው ይህ ከሆነ ባለ ሦስት እግሮቹ ለብቻቸው በቤንዚን የሚቀጥሉበት ምክንያት አይታየኝም። ለሀዋሳ ደግሞ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ከማንም በላይ ይስማማታል፤ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ርቀቷ አጭር ነው፣ ሐይቋም ከጭስና ከተቃጠለ ዘይት ቢድን ማን ይጠላል። እኔም አልጠላም።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ደጋፊዎች እዚህ ላይ የሚያነሱት ነጥብ አለ፤ ሞተሩ ዘይት አይለወጥለትም፣ ካንዴላ የለውም፣ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ስለዚህ የሚጠገን ነገር ከሌለ የጠጋኝ ጥያቄ ከየት ይመጣል? ስለ ሞተሩ የሚሉት ትክክል ነው። የተሽከርካሪው ትልቁ ዋጋ ያለው ግን ባትሪው ላይ ነው፤ ባትሪው ደግሞ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኑን የሚቆጣጠረው በአምራቹ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰርኪዩት ነው። አንድ ሕዋስ ሲሞት ሙሉውን ባትሪ ለውጥ የሚባል ባለቤት፣ ቴስታታው ሲሰነጠቅ ሙሉ መኪና ግዛ ከተባለ የላዳ ባለቤት በምን ይለያል? የባትሪ ሣጥን ተከፍቶ፣ የሞተው ሕዋስ ተለይቶ፣ ተተክቶ መዘጋት እንደሚችል ሙያው ያላቸው ሰዎች ያውቃሉ። ይህ የሚሆነው ግን ሣጥኑ በመፍቻ የሚከፈት ሆኖ ሲሠራ፣ ሶፍትዌሩም ለውጡን ሲቀበል ነው። ተዘግቶ ከመጣ ባለቤቱ የገዛው ተሽከርካሪ ሳይሆን የሦስት ወይም የአምስት ዓመት አገልግሎት ነው፤ ዕዳው ከአገልግሎቱ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። ሕንዶች የሚወዱት የባጃጅ ቼታክ ስኩተር ምርቱ ከቆመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ስሙ ብቻ በኤሌክትሪክ ስኩተር ላይ ተመልሷል። የእኛም ባጃጅ በስሙ ይመለስ ይሆናል። ስሙ ተመልሶ ጋራዡ ባይመለስ ከተማዋ የምታጣው ትንሽ አይሆንም።

መንግሥት እንዲህ ባለ ጉዳይ ምን ያገባዋል የሚል ሰው ወደ ስዊድን ይመልከት። ሳዓብ የተባለው መኪና ከአውሮፕላን ፋብሪካ የተወለደ፣ የማስነሻ ቁልፉን መሪው አጠገብ በማድረግ ፈንታ ከሁለቱ ወንበሮች መሀል ያስቀመጠ፣ ወዳጆቹ እንደ ሃይማኖት የሚይዙት ብራንድ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ለዓመታት ይዞት ከሸጠው በኋላ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ኪሳራው ታወጀ። ስዊድን ለኩባንያው ብድር ዋስ ሆና ስለነበር የመለዋወጫ ክፍሉ በመያዣነት በመንግሥት እጅ ገባ፤ ኦሪዮ በሚል ስምም መለዋወጫ ማቅረቡን ቀጠለ። መኪናው ከሞተ በኋላ ባለቤቶቹ በመንገድ ላይ አልቀሩም። ስዊድን ሀብታም ስለሆነች አይደለም ይህን የቻለችው፤ ከኪሳራው ቀድማ መያዣ አድርጋ የያዘችው የመለዋወጫውን ክፍል ስለነበረ ነው። ሀዋሳም የኤሌክትሪክ ባለ ሦስት እግር ገና በብዛት ሳይገባ የምትይዘው ነገር አላት፤ የሥምሪት ፈቃድ።

ከተማዋ ማኅበራትንና አስመጪዎችን ስታነጋግር በፈቃዱ ላይ የምታሰፍረው ቅድመ ሁኔታ ብዙ መሆን የለበትም። የሚገባው ሞዴል ባትሪው ተሰብሮ ሳይሆን በብሎን የሚከፈት ይሁን። የጥገና መመሪያውና የሰርኪዩቱ ንድፍ በአማርኛና በሲዳምኛ፣ ቢያንስ በሥዕል፣ ለየጋራዡ ይሰጥ። አስመጪው የመለዋወጫ መጋዘኑን አዲስ አበባ ሳይሆን ሀዋሳ ይክፈት። የሞዴሎቹ ቁጥር ደግሞ ይገደብ፤ ላዳን ከጠቀሟት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ለአርባ ዓመት አንድ መሆኗ ነበር፤ በአንድ ከተማ አሥር ዓይነት ባትሪና አሥር ዓይነት ሶፍትዌር ከገባ የትኛውም መካኒክ አንዱንም በቅጡ አያውቀውም። ይህ ውድድርን ያፍናል የሚል ነጋዴ ይኖራል፤ በከፊል ያፍናል። ግን ውድድሩ በዋጋ ብቻ ከተተወ የሚያሸንፈው በመጀመሪያው ዓመት ርካሽ የሆነው ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ በአራተኛው ዓመት ባትሪ የሚለውጠው ሾፌር ነው። የባጃጅ መካኒኮቹን በተመለከተ ከተማዋ ዩኒቨርሲቲም የሙያ ማሠልጠኛም አላት፤ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ባትሪ በቤተ ሙከራ ሲያጠኑ፣ ዛሬ ሞተር የሚያወርደው ልጅ አብሯቸው የሚቀመጥበት የማታ ክፍል መክፈት በጀት የሚያናጋ አይደለም። ሥልጠናው የቤንዚኑ ባጃጅ ገና እየሠራ፣ ልጁም ገና እየበላ ሳለ መጀመር አለበት። በአዲስ አበባ የላዳ መካኒኮች ጉዳይ የታሰበው፣ ከታሰበ፣ ጋራዡ ከተዘጋ በኋላ ነው።